የአቶ ይደር አጀንዳ

አቶ ይደር እናት አባታቸው ያወጡላቸው ስም አይደለም። ስሙን ያወጣላቸው የከተማው ምክር ቤት ነው። ምክር ቤቱ ለአንድ መንገድ ስም ለማውጣት ዓመት ይፈጅበታል፤ ለሰው ቅጽል ስም ለመለጠፍ ግን አንድ ጠዋት በቂው ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። በዚያ ምክር ቤት «የባለደጅ ቃል» የሚባል የቆየ ደንብ አለ። መንገድ ሲነጠፍ፣ ቱቦ ሲቀበር፣ መብራት ሲተከል፣ ሥራው በደጁ የሚያልፍበት ነዋሪ ጉባኤ ፊት ቀርቦ «ተስማምቻለሁ» ማለት አለበት። «አስተያየት አለኝ» ካለ ክርክር የለም፤ አፈ ጉባኤዋ «ይደር» ትላለች፣ አጀንዳው ወደሚቀጥለው ጉባኤ ይተላለፋል። ደንቡን ያወጡት ሰዎች ያሰቡት ምስኪኑ ሳይሰማ አጥሩ እንዳይፈርስበት ነበር። አንድ ሰው በየጉባኤው አዲስ አስተያየት ይዞ ይመጣል ብለው በሕልማቸውም አላዩም። ምን ያድርጉ፣ አቶ ይደርን አያውቋቸው።

ሰውየው ዕድሜያቸውን የጨረሱት በከተማ አውቶቡስ ላይ ትኬት ሲቆርጡ ነው። ሰው በሰው ላይ ተደራርቦ፣ የአንዱ ክርን የሌላውን ጎን እየጎሸመ፣ «ወደ ውስጥ ጠጋ በሉ እንጂ! ውስጥ ቦታ አለ!» ሲሉ ኖረው፣ ጡረታ የወጡ ዕለት «እፎይ! ገና አሁን መተንፈሴ ነው» ብለው ነበር። ሚስታቸው በሕይወት ሳለች ችግሩ አልታወቃቸውም። እሷ ስትሞት ቤቱ ጸጥ አለ፣ እንደዚያው ጸጥ ብሎ ቀረ። አንዲት ልጃቸው ሩቅ ከተማ አግብታ ትኖራለች፤ እሁድ እሁድ ትደውላለች። «አባዬ፣ በላህ? መድኃኒትህን ዋጥክ?» ትላቸዋለች፤ «አዎ» ይሏታል፤ ከኋላዋ ልጆቿ ሲንጫጩ ይሰማቸዋል፤ «በል እንግዲህ ቻው» ትላለች። የሳምንቱ ጨዋታ ይኸው ነው። የገዙት ዳቦ ግማሹ ሳይበላ ይደርቃል። ሬዲዮኑ ዜና ሲያነብ «እውነትህን ነው» እያሉ ይመልሱለታል። ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው የሚለውን ተረት ድሮ ለተሳፋሪ ይተርቱት ነበር፤ የገባቸው ግን መድኃኒቱ ካለቀባቸው በኋላ ነው።

ወደሚኖሩበት መንደር ከአስፋልቱ የሚያስገባው አንድ ጠባብ መንገድ ነው፤ መንገድ ማለት ካስደፈረ። በደረቁ ወራት አቧራ ነው፣ ሲዘንብ ጭቃ ነው፤ መሐሉን ደግሞ ክፍት ቦይ ሰንጥቆት ይሄዳል። ታክሲ አይገባም። አምቡላንስ መግቢያው ላይ ቆሞ ይጮኻል እንጂ ወደ ውስጥ አይደፍርም። ምክር ቤቱ መንገዱን ድንጋይ አንጥፎ ቦዩን ሊሸፍን አጀንዳ መያዙ ሲሰማ መንደሩ ጮቤ ረገጠ። ነገር ግን የመንደሩ ሰው ሠርቶ አዳሪ ነው፤ በሥራ ቀን ምክር ቤት ሲጎለት የሚውልበት ፋታ የለውም። «እርስዎ ጡረተኛ ነዎት፤ ስለሁላችንም እርስዎ ይሂዱልን» ብለው ወከሏቸው። በዚህ ዓይነት የመንደሩ ሁሉ የባለደጅ ቃል በአንድ ሰው አፍ ውስጥ ገባ።

እውነቱን ለመናገር የመጀመሪያው አስተያየታቸው እውነተኛ ነበር። በፕላኑ ላይ የቦዩ መውረጃ ልክ በደጃፋቸው ተሥሎ ነበርና «እኔ በየት በኩል ልውጣ?» ብለው ጠየቁ። አዳራሹ ሳቀ፤ «ይደር» ተባለ። በሳምንቱ አንዲት ወጣት መሐንዲስ ሜትሯን ይዛ ቤታቸው ድረስ መጣች። ጭቃ የያዘ ቦቲዋን በር ላይ አውልቃ ገባች፣ ሻይ ጠጣች፣ ስለ አውቶቡስ ዘመናቸው ጠየቀቻቸው፣ የተነገራትን ሁሉ «እውነት?» እያለች ሰማች። ስትሄድ ቤቱ ውስጥ የሰው ሽታ ቀረ። አቶ ይደር የጠጣችበትን ብርጭቆ እስከ ማግስቱ አላጠቡትም።

ለሁለተኛው ጉባኤ ፀጉራቸውን ተስተካከሉ። በሩ ላይ ዘበኛው «እንደምን ሰነበቱ!» አላቸው። ሻይ የምታዞረዋ ሴት ሳይነግሯት ሁለት ስኳር ጨመረችላቸው። ጸሐፊው በድምፅ ማጉያው ሙሉ ስማቸውን ከነአባታቸው ሲጠራ አዳራሹ ሁሉ ዞሮ አያቸው። ስማቸው በሰው አፍ ሲጠራ ከሰሙ ስንት ወር ሆኗቸው ነበር! ተነሡ። «ተስማምቻለሁ» ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ። ያን ጊዜ አንድ ነገር ብልጭ አለባቸው፤ ቃሉን ካሉ በኋላ ወደዚህ አዳራሽ የሚመለሱበት ምንም ምክንያት አይኖርም። «የእግረኛው መሄጃ» አሉ አቶ ይደር፣ «ጠበብ አላለም?»

ከዚያ ወዲያ ነገሩ መላ ቅጡን አጣ። መሄጃው ሲሰፋ የመብራቱ ምሰሶ መኝታ ቤታቸውን ያበራል አሉ። ምሰሶው ሲዛወር የቦዩ ክዳን ሲረገጥ ይንኳኳ ይሆናል አሉ። ለክዳኑ ጎማ ሲታዘዝ ደግሞ የድንጋዩ ቀለም ለዓይን ይከብዳል አሉ። ቀስ በቀስ ምክር ቤቱ ለመዳቸው፤ አዳራሹ ሲገቡ «አቶ ይደር መጡ!» ይባባላል፣ የገበያ ሽንት ቤት ክርክር የሰለቻቸው አባላትም የእሳቸውን ተራ እንደ ጨዋታ ይጠብቁታል። ወደ መንደራቸው ሲመለሱ ጎረቤቱ ከየበሩ ብቅ ብሎ «እህስ ጋሼ?» ይላቸዋል። «ለሚቀጥለው ይደር ተባለ» ይላሉ፣ አንገታቸውን ሰበር አድርገው። ውሸት አይደለም። ማን ነው ያሳደረው ብሎ የጠየቃቸው ደግሞ የለም። «አይዞዎት፣ እርስዎ ባይኖሩ እኮ እስካሁን ረስተውን ነበር» ይሏቸዋል። ይህን እየሰሙም በጉባኤው ዋዜማ አዲስ አስተያየት ከማሰላሰል አልቦዘኑም። ክፉ ሰው ሆነው ነው እንዳልል ክፉ አልነበሩም፤ ብቸኝነት ሰውን ክፉ ሳያደርገው ክፉ ሥራ ያሠራዋል።

ሥራው ክፉ መሆኑን ደግሞ ከማንም በላይ ያውቁ ነበር። ከደጃቸው ማዶ አንዲት ልብስ ሰፊ ትኖራለች። ባሏ ቤት ቀለም ቀቢ ነበር፤ ኩላሊቶቹ ሥራ ካቆሙ ወዲህ ለእጥበት በየሁለት ቀኑ ሆስፒታል ይመላለሳል። ታክሲ አይገባማ! ስለዚህ አራት ጎረቤት በወንበር ላይ አስቀምጦ፣ ቦዩን እየዘለለ፣ እስከ አስፋልቱ ይሸከመዋል። ሲዘንብ አቶ ይደር ከጎን ጎን እየሮጡ ጃንጥላ ይይዙለታል። አምና አንዱ ተሸካሚ አዳልጦት ወንበሩ ከነሰውየው ጭቃ ውስጥ ወደቀ። ባልየው ጭቃውን ከፊቱ ጠርጎ «ቀለም ሳልቀባ የዋልኩበት ቀን የለም ማለት ነው» ብሎ አሳቃቸው፤ ሚስቱ ግን አልሳቀችም። አቶ ይደርም በዚያን ቀን አልሳቁም፤ ቤታቸው ገብተው «በሚቀጥለው ጉባኤ አበቃ!» ብለው ማሉ። ጉባኤው ሲደርስ የቦዩ ክዳን ይንኳኳል ብለው ተነሡ።

ዝናቡ ሊገባ ሲያስገመግም መሐንዲሷ እንደገና መጣች። የዚህን ጊዜ ቦቲዋን አላወለቀችም፤ በር ላይ እንደቆመች ቀረች።

«ግቢ እንጂ ልጄ፣ ሻይ ጥጃለሁ።»

«አልገባም አባቴ። አንድ ነገር ልጠይቅዎት። መንገዱን አይፈልጉትም እንዴ?»

«እፈልገዋለሁ እንጂ!»

«ታዲያ?»

«ነገር ተጣርቶ ሲሠራ ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ሲባል አልሰማሽም?»

«ሰምቻለሁ» አለች መሐንዲሷ። «የዘገየችው ምን እንደሆነች ግን አልነገሩኝም። ይስሙኝ አባቴ፤ ዝናቡ ሳይገባ መሬቱ ካልተቆፈረ የኛ ቡድን ወደ ሌላ ሰፈር ይዛወራል። በማክሰኞው ጉባኤ ካልጸደቀ መንገዳችሁ ከዘንድሮ ዕቅድ ይሰረዛል። ከዚያ ጥናቱ፣ ፕላኑ፣ ጉባኤው፣ ሁሉም እንደገና ከሀ ይጀመራል።»

ለሌላ ሰው ይህ ማስፈራሪያ ነው። አቶ ይደር ግን «ሁሉም እንደገና» የሚለውን ብቻ ነጥለው ሰሙ። ሌላ አንድ ዓመት ሙሉ ጉባኤ! ዘበኛው፣ ሁለቱ ስኳር፣ ስማቸው በድምፅ ማጉያው። ደስታ ከሆዳቸው ተነሥቶ ጉሮሯቸው ጋ ሲደርስ አፈሩበት፤ ያፈሩበትም ልጅቷ ዓይን ዓይናቸውን እያየቻቸው ስለነበር ነው። «አስብበታለሁ» አሏት። «ያስቡበት» ብላ ሄደች፤ ሻዩን ብቻቸውን ጠጡት።

ሰኞ አመሻሹ ላይ በራቸው ተንኳኳ። ልብስ ሰፊዋ ናት፤ ቁልፍ ልትተክልላቸው የወሰደችውን ኮት አጥፋ ይዛለች።

«ጋሼ፣ ነገ ሥራዬን ዘግቼ አብሬዎት እመጣለሁ።»

«የት?»

«ምክር ቤት ነዋ! መሐንዲሷን መንገድ ላይ አግኝቻት ነገ የመጨረሻው ነው አለችኝ። ማን ነው የሚያሳድረው ብላት አንገቷን ደፍታ ሄደች። እንግዲህ አንድ ሰው አለ ማለት ነው። ያንን ሰውዬ ዓይኑን ማየት እፈልጋለሁ።»

አቶ ይደር ኮታቸውን ተቀበሉ። «ስብሰባ እኮ አሰልቺ ነው። አንቺ ደግሞ በሽተኛ አለብሽ፤ ምን አንከራተተሽ?»

«እርስዎ ይኼን ሁሉ ጊዜ ስለኛ ሲሰላቹ ኖረው የለ? አንድ ቀን ብሰለች ምን እሆናለሁ?» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ጋሼ፣ ሐኪሙ ከስቷል ብሎኛል። እንደ አምናው ብንጥለው አይነሣም። እኔ ለዚያ ሰውዬ ይኼን ብቻ ነው የምነግረው። ልብ ካለው ይሰማኛል።»

«ከሌለውስ?» አሉ አቶ ይደር። ጥያቄው ከአፋቸው እንዴት እንደወጣ አላወቁም።

«ልብ የሌለው ሰው አለ እንዴ ጋሼ? ኧረ የለም» ብላ ጉንጫቸውን ሳመቻቸውና መንገዱን ተሻግራ ገባች። እሳቸው በሩን ዘግተው ኮታቸውን እንዳቀፉ ወንበር ላይ ተቀመጡ። አሞኛል ብለው ሊቀሩ አሰቡ፤ ባለደጁ ከቀረ ግን አጀንዳው ያው ያድራል። አስቀድመው ሊነግሯት አሰቡ፤ ተነሥተው በሩ ድረስ ሄዱና ተመለሱ። የማዶው መስኮት መብራቱ በርቶ፣ የስፌት መኪናዋ እየተንቀጫቀጨ ነበር፤ ነገ የምትቀርበትን ሥራ በዋዜማው ትጨርሳለች። የዚያን ዕለት እንቅልፍ በዓይናቸው አልዞረም።

ጠዋት በአውቶቡስ ሄዱ። ዘበኛው እንደ ወትሮው «እንደምን ሰነበቱ አቶ ይደር!» ሲል ልብስ ሰፊዋ ዞር ብላ አየቻቸው።

«ምን አለዎት?»

«ይቀልድብኛል» አሉ።

ከኋላ ባለው የነዋሪዎች ረድፍ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ጉባኤው በፍጥነት የሚሄድ ከመሰላችሁ ምክር ቤት ገብታችሁ አታውቁም። መጀመሪያ የቆሻሻ ገንዳ ክዳን ተነሣ፤ ክዳኑ ወደ ላይ ይከፈት ወይስ ወደ ጎን? አንድ ወፍራም አባል «ወደ ጎን ከሆነ መንገደኛ ይመታል» አለ፤ ሌላው «መንገደኛ ምን አባቱ ገንዳ ሥር ይሠራል?» አለ። ቀጥሎ የመቃብር ስፍራው አጥር መጣ። ሻይ የምታዞረዋ ሴት ደርሳ ለአቶ ይደር ሁለት ስኳር ጨመረች። ልብስ ሰፊዋ ሴቲቱን አየች፣ ብርጭቆውን አየች፣ እሳቸውን አየች። አቶ ይደር ሻዩን ሊጠጡ አንሥተው ሳይቀምሱት መልሰው አስቀመጡት።

«አጀንዳ ሰባት» አለ ጸሐፊው፤ ሙሉ ስማቸውን ጠራና እንደ ልማዱ ያለፉትን ጉባኤዎች ቃለ ጉባኤ ማንበብ ጀመረ። ጸሐፊው ድምፀ መልካም ነው፤ ደግሞ አይቸኩልም። «ነዋሪው የቦዩ መውረጃ ይነሣልኝ በማለታቸው፣ ይደር። ነዋሪው የእግረኛ መሄጃው ጠቧል በማለታቸው፣ ይደር። ነዋሪው የመብራቱ ምሰሶ...» አባላቱ መሳቅ ጀምረዋል። አቶ ይደር ፊታቸውን ወደፊት ተክለው ቀሩ። ከጎናቸው ያለችው ሴት መጀመሪያ ያልገባት መሰለች፤ «የማን ነው የሚያነበው?» አለች በሹክሹክታ። ጸሐፊው የቦዩ ክዳን ላይ ሲደርስ ግን መጠየቋን ተወች። በድንጋዩ ቀለም ላይ ሲደርስ ክርኗን ከክርናቸው ሸሸት አደረገች።

አፈ ጉባኤዋ መነጽሯን ወደ አፍንጫዋ ጫፍ አውርዳ ፈገግ አለች። «እሺ አባታችን። የዛሬው አስተያየትዎ ደግሞ ምንድን ነው?» አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። አቶ ይደር ተነሡ። ይህ ሁሉ ፊት ወደ እሳቸው ዞሯል፤ ሁሉም ደስ ብሎት፣ ሁሉም የሚሉትን ሊሰማ ጆሮውን ቀስሮ። አንድ ቃል ቢናገሩ ዓመቱ የእሳቸው ነው። የተዘጋጀ አስተያየት ደግሞ አላጡም ነበር፤ በድንጋዩ መጋጠሚያ ዝናብ ይገባል ሊሉ ከእሁድ ጀምሮ ሲያውጠነጥኑት ሰንብተዋል። ምላሳቸው ላይ ነበር።

ወደ ጎን ተመለከቱ። ልብስ ሰፊዋ አላየቻቸውም፤ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አጣምራ ወለሉን ታያለች። ለዚያ ሰውዬ የምትነግረውን ነገር ትናንት ነግራቸዋለች፤ ሁለተኛ አትደግመውም።

«አስተያየት የለኝም» አሉ።

«አልሰማሁም?»

«አስተያየት የለኝም ክብርት አፈ ጉባኤ። ተስማምቻለሁ። ይሠራ።»

ከዚያ ወፍራሙ አባል «ታሪካዊ ቀን ነው!» ብሎ አጨበጨበ፣ ሌሎቹም ተከተሉት። እጅ ወጣ፣ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ፣ መዶሻው ጠረጴዛውን መታ። «አጀንዳ ስምንት፣ ባለቤት የሌላቸው ውሾች» አለ ጸሐፊው። ሁሉም ፊት ወደ ወረቀቱ ተመለሰ። አቶ ይደር እንደቆሙ ነበር፤ አንድ ሰው «ይቀመጡ» ይለኛል ብለው ጠበቁ። ማንም አላለም። ዞር ሲሉ ከጎናቸው ያለው ወንበር ባዶ ነው።

አውቶቡስ ማቆሚያው ጋ ደረሱባት። አውቶቡስ መጣ፣ ሄደ፤ አልተሳፈረችም፤ እሳቸውም አልተሳፈሩም።

«የኔ ልጅ» አሉ በመጨረሻ፣ «ክፋት አልነበረም።»

«ምን ነበር ታዲያ?»

«ቤቱ... ሰው የለበትም። እዚያ ግን ይጠሩኛል። ሻይ ይሰጡኛል። ያቺ መሐንዲስም ትመጣ ነበር።» ሲናገሩት ለራሳቸውም አነሰባቸው።

ልብስ ሰፊዋ ከአዳራሹ ከወጣች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየቻቸው። እንድትጮህባቸው ፈልገው ነበር፤ አልጮኸችም። «ጋሼ፣ እኛ ማዶ ነበርን» አለች። «ባሌ ቀኑን ሙሉ ጣሪያ ሲያይ ነው የሚውለው። ሰው ናፈቀኝ እያለ ያለቅሳል። ስንት ጊዜ እርስዎን ልጥራዎት አስቤ፣ የመንደሩን ጉዳይ የያዘ ትልቅ ሰው በምን ጊዜው ብዬ ተውኩት።» ቀጣዩ አውቶቡስ ቆመ። ገባች፤ ከፊት ያለው አንድ ወንበር ላይ ተቀመጠች። አቶ ይደር ከኋላ፣ እንደ ድሮው፣ በሩ አጠገብ ቆመው ሄዱ።

በሳምንቱ ቁፋሮው ተጀመረ። ዝናቡ ከመግባቱ በፊት ቦዩ ተሸፈነ፣ ድንጋዩ ተነጠፈ። ሴትዮዋ ለማንም አልተናገረችም። እንዲያውም ተናግራ ቢሆን ለአቶ ይደር በቀለላቸው ነበር፤ ጎረቤቱ ባያቸው ቁጥር «እግዜር ይስጥልን፣ የርስዎ ድካም ነው» ይላቸዋል፤ አንዱማ እጃቸውን ሊስም ጎንበስ ሲል ነጥቀውት ሮጡ። የመጀመሪያዋ ታክሲ መንደር የገባች ቀን ሰው ሁሉ ወጥቶ አጨበጨበ። ታክሲዋ ልብስ ሰፊዋ ደጅ ላይ ቆመች፤ ባልየው በራሱ እግር፣ የሚስቱን ትከሻ ይዞ፣ ወጥቶ ገባባት። አቶ ይደር በመስኮት ነበር ያዩት። ዝናብ ባይኖርም ጃንጥላቸውን ይዘው ነበር፤ ለምን እንደያዙት አላወቁም።

ቀጣዩ የጉባኤ ማክሰኞ ሲደርስ ፀጉራቸውን ተስተካክለው ምክር ቤት ሄዱ። ምን ይደረግ፣ እግር የለመደውን ነው። ዘበኛው ሰላም አላቸው፣ የኋላው ረድፍ ላይ ተቀመጡ፣ ሁለቱ ስኳርም መጣ። አጀንዳ አንድ፣ አጀንዳ ሁለት፣ አጀንዳ ሰባት፤ የማያውቁት ሰው ስም ተጠራ፣ የማያውቁት ሰው ተነሣ። በስብሰባው ማብቂያ አፈ ጉባኤዋ በአጠገባቸው ስታልፍ ቆም አለች። «አባታችን! መንገዱ አማረ አይደል?» አለቻቸው። «አማረ» አሉ። «ሌላ ችግር ገጠመዎት?» አለች፤ በደግነት ነው የጠየቀችው። «የለም፣ ምንም ችግር የለብኝም» ብለው ተነሡ። ሁለተኛ ወደዚያ አልተመለሱም።

ከዚያ በኋላ ዝናቡ ገባ። ውሃው በአዲሱ ክዳን ሥር ያለ ድምፅ ይሄዳል። አቶ ይደር ዳቦ ገዝተው፣ ግማሹ ደርቆ፣ ሌላ ገዝተው፣ እሱም ደርቆ ሰነበቱ። በስልክ ልጃቸው «አባዬ፣ በላህ?» ስትላቸው አንድ እሁድ «አልበላሁም» አሏት። «ምነው?» አለች። «ብቻዬን መብላት አስጠልቶኝ» አሉ። ልጅቷ ማልቀስ ጀመረች፤ እሳቸው ደግሞ ማባበል ያዙ። ስልኩ ሲዘጋ ይህን ቃል ጮክ ብለው ለሰው ሲናገሩት የመጀመሪያቸው መሆኑን አወቁ።

ተነሥተው ጫማ አደረጉ። በሩን ከፈቱ። መንገዱ አሁን ለመሻገር ምንም አይደለም፤ እርምጃ ነው። እየተሻገሩ ሰበብ ፈለጉ፤ የሱሪያቸው እጥፋት ተፈቷል ልበል? የባልየውን ጤና ልጠይቅ ብዬ ነው ልበል? ስለ ቦዩ ክዳን ልጠይቅ? እዚህ ላይ ሲደርሱ በራሳቸው ተናደዱ። አንኳኩ።

የስፌት መኪናው ቆመ። «ማነው?»

«እኔ ነኝ። ከማዶ።»

«ምን ጉዳይ ነበር ጋሼ?» አለች፤ ድምፅዋ ውስጥ ቁጣም ፍቅርም የለም።

«ጉዳይ የለኝም» አሉ አቶ ይደር። «ብቸኝነቱ አልቻል ብሎኝ ነው የመጣሁት።»

በሩ ተከፈተ። ሴትዮዋ ፊታቸውን ሳታይ ወደ መኪናዋ ተመለሰች። በጥጉ ባለው አልጋ ላይ ባልየው ተኝቷል፤ አንድ እጁ ከብርድ ልብሱ ወጥቶ ተንጠልጥሏል። ክፍሉ ውስጥ ያለችው አንዲት ወንበር የተቆረጠ ጨርቅ ተከምሮባታል።

«ጨርቁን አንሥተው ይቀመጡ» አለች። «ቀስ ብለው፤ ገና አሁን ነው እንቅልፍ የወሰደው።»

ጨርቁን አነሡ፤ የሚያኖሩበት ስላጡ ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። መኪናው እንደገና መንቀጫቀጭ ጀመረ። ማንም ምንም አልጠየቃቸውም፤ እሳቸውም ባልየው እስኪነቃ ጠበቁ።